ያለ ፈቃዴ የተላከው መጽሐፌ



ስለ ትዳርና ስለ ይቅርታ መጽሐፍ የጻፈች የመጋቢ ሚስት በዚያው መጽሐፍ ምክንያት ከባለቤቷ ጋር ሁለት ቀን ተኳርፋ ነበር ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ነገሩን ልጽፈው ስነሣ፣ መልሼ ስተወው ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ ራሱ ረቂቁን አንብቦ፣ “ይውጣ፤ እኛ የከፈልንበትን ሌላው በነፃ ይማርበት” ስላለኝ ይኸው ለእናንተ አቀረብኩት።

ምስጥ የበላው ካርቶን

መጽሐፏን መጀመሪያ ያሳተምኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። እዚህ አሶሳ ባለቤቴ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ከእህቶችና ከጥንዶች ጋር ለዓመታት ስነጋገርና ስጸልይ የተማርኩትን ሰብስቤ 140 ገጽ አደረግሁት። አሳታሚ ድርጅት አልነበረኝም። ገንዘቡ የዕቁብ ነበር፤ የጎደለውን ወንድሜ አበደረኝ። አዲስ አበባ የታተመው 1,000 ቅጂ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ነቀምትን፣ ጊምቢንና መንዲን አልፎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣልኝ።

በኮንፈረንስ ቀን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ከእሑድ ፕሮግራም በኋላም በእጄ ይዤ ስሸጥ ሰባት መቶ ያህሉ ሄደ። የቀረው በአልጋ ሥር በካርቶን ተቀመጠ። አሶሳን የሚያውቅ ሰው ምስጧንም ያውቃል። አንድ የክረምት ቀን ካርቶኑን ብንስበው ከላይ ደህና መስሎ ከታች ወደ አፈርነት ተለውጦ ነበር። ልጄ አንዱን አንሥታ፣ “እማዬ፣ ይቅርታ የሚለውን ምዕራፍ በልቶታል” አለችኝ። ያን ቀን ሁላችንም ስቀን አለፍነው።

እንደገና ለማሳተም ያሰብኩት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነበር። ወረቀት ከውጭ አገር በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጠየቅሁት ማተሚያ ቤት የሰጠኝ ዋጋ ከመጀመሪያው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር፤ ያም ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚጸና ነው ተባልኩ። በዚያ ላይ የወለጋ መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ የቆየበት ዘመን ነው። በዚህ ጊዜ ከዘማሪዎቻችን አንዱ የሆነ ወጣት፣ “ለምን በሶፍት ኮፒ አትሸጪውም? ምስጥ አይበላው፣ አውቶቡስ አያስፈልገው” አለኝ። ነገሩ ልቤን ገዛው።

እንዲህ በቀላሉ የሚሆን መስሎኝ ነበር። የቀድሞው ጽሑፍ የተተየበው በድሮ የግዕዝ ፎንት ስለ ነበር ወደ ስልክ ሲዛወር ፊደሉ ሁሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነብኝ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነውም፣ ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተተየበ ስንት የአማርኛ መጽሐፍ በየኮምፒዩተሩ ታስሮ እንደሚገኝ ያኔ ገባኝ። ልጄ 140ውን ገጽ እንደገና ተየበችው።

ክፍያውስ? የውጭ አገር መሸጫዎች የባንክ ካርድ ይጠይቃሉ፤ የእኛ አንባቢ ያ የለውም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ቴሌብር አለ። ስለዚህ ገዢው 100 ብር በስልኩ ይልክልኛል፣ ደረሰኙን ያሳየኛል፣ እኔ ደግሞ ፋይሉን በቴሌግራም እልክለታለሁ። በቃ፣ የመጻሕፍት መደብሬ ይኸው ነበር። በአረብ አገር የሚሠሩ እህቶች አገር ቤት ባለ ወንድማቸው ስልክ እያስከፈሉ ይወስዱ ነበር።

ስማርት ስልክ የሌላቸውን የገጠር እህቶቻችንን ይህ መንገድ እንደማይደርስላቸው አውቃለሁ። ኢንተርኔት ሲዘጋም ሱቁ አብሮ ይዘጋል፤ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ወር ጀምሮ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት መገደባቸውን የምንረሳው አይደለም። ቢሆንም በወረቀት ያላገኘሁትን አንድ ነገር አገኘሁ፤ እያንዳንዱን ገዢ በስሙ አወቅሁት።

ቃሉን መሸጥ ነውን?

ባለቤቴ ከመጀመሪያው ልቡ አልተቀበለውም ነበር። “ሰው መከራ ላይ ነው። ምክርን በብር መሸጥ ይከብደኛል” ይለኝ ነበር። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ በነፃ ያገኙትን በነፃ እንዲሰጡ ማዘዙን (ማቴ. 10፥8)፣ ጳውሎስም የእግዚአብሔርን ቃል ከሚነግዱበት ሰዎች ራሱን መለየቱን (2ኛ ቆሮ. 2፥17) ያነሣብኛል። እኔም ለሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባ (1ኛ ጢሞ. 5፥18)፣ ኤልሳዕም ለነቢይ መበለት ዘይቱን እንድትሰጥ ሳይሆን እንድትሸጠውና ዕዳዋን እንድትከፍል መናገሩን (2ኛ ነገ. 4፥7) አነሣበታለሁ። የአገልጋይ ቤት ዕዳ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

በነፃ የምናገኘው ነገር ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው የከፈለበት ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ በካይሮ አሥር ዓመት ያህል ደክመውበታል። የእጅ ጽሑፉን የገዛው የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው ታትሞ ሲወጣ እርሳቸው ካረፉ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። በጎረቤታችን በወለጋ ላሉ ወገኖቻችን የመጀመሪያውን ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያበረከቱት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተዳርገው የነበሩ ናቸው። ሥራቸው ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ለሕትመቱም የከፈለ ነበረ። ስለዚህ፣ “ወንጌል ነፃ ነው” ስንል የከፈለውን እንዳንረሳ እፈራለሁ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ “እሺ፣ ሽጪ” አለ። “እሺ” ማለትና ማመን ግን አንድ አይደለም። እኔም ያን ልዩነት እያየሁ ዝም አልኩ። በትዳራችን ስንት ነገር እንዲህ በ“እሺ” ታልፏል!

“ወቅታዊ ጉዳይ ጨምሪበት”

ኅዳር 2017 ዓ.ም. ሽያጩን ስጀምር በመጀመሪያው ወር የገዙኝ 21 ሰዎች ናቸው። አንድ መጻሕፍት ሲሸጥ የኖረ ወዳጃችን እንዲህ መከረኝ፦ “ትዳር ብቻ ማንም አይገዛም። ወቅታዊ ጉዳይ ጨምሪበት። አንቺ ያለሽው ቤንሻንጉል ነው፤ ያየሽውን ጻፊ።”

ያየነውስ ጥቂት ነው? በሰኔ 2010 ዓ.ም. እዚሁ አሶሳ ከተማ ውስጥ ሰዎች ሞቱ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን ባለ ሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የክልሉ መንግሥት ከታጣቂዎች ጋር የሰላም ስምምነት ሲያደርግ ገና እፎይ ማለት ስንጀምር፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ በኩርሙክ በኩል ስደተኞች ይጎርፉ ጀመር። በዚህ ሁሉ መካከል የእኛ ቤትና የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስንት ሰው እንዳሳደሩ ጌታ ያውቃል።

ወዳጃችን ልክ ነበር፤ ወቅታዊ ጉዳይ ይሸጣል። ጦርነት በተነሣ ቁጥር “የመጨረሻው ዘመን ምሥጢር” የሚል ሽፋን የለበሰ መጽሐፍ ይወጣል። ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ ሲመረቅም ከትንቢት መጻሕፍት ጥቅስ እየመዘዙ ግድቡን የሚያስተነብዩ ጽሑፎች ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞሩ አይቻለሁ። እኔ እንደዚያ አላደርግም ብዬ ነበር። ያደረግሁት ግን ከዚያ የከፋ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በችግሩ ዘመን ወደ እኛ ከመጡት መካከል አንዲት እህት ነበረች። ከየት እንደ መጣች፣ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነች አልጽፍም። እርሷንና ባለቤቷን ያተረፈቻቸው ከሌላው ብሔር የሆነች ጎረቤታቸው ናት፤ ደብቃቸዋለች። ይህን የነገረችኝ ሌሊት አብረን ስንጸልይ ነው። ከጊዜ በኋላ፣ “ታሪክሽን ለሌሎች ትምህርት ብጠቅሰው?” ስላት፣ “ለጌታ ክብር ከሆነ” ብላኛለች። እኔም ፈቃድ ነው ብዬ ያዝኩት። የጻፍኩትን ግን አላሳየኋትም።

ጥር ላይ አዲሱን ምዕራፍ ጨመርኩ። ስሟን ለወጥኩ። የመንደሩንም ስም አልጻፍኩም። በማስታወቂያዬ ላይ ግን “ከግጭቱ የተረፉ ጥንዶች እውነተኛ ታሪክ” ብዬ በደማቁ ጻፍኩ። በሁለት ወር ውስጥ 113 ሰው ገዛኝ። ማታ ማታ ቁጥሩን እየቆጠርኩ ደስ ይለኝ ነበር። ለጌታ ክብር ነው እያልኩ የቆጠርኩት ብሩን ነበር።

“ያቺ ሴት እኔ ነኝ”

መጋቢት ውስጥ አንድ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ያቺ እህት ወደ ጎን ጠራችኝ። የጎረቤቷ ልጅ በስልኩ አንብቦላት ኖሯል።

“እናቴ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሴት እኔ ነኝ አይደል?” አለችኝ።

“ስምሽን አልጻፍኩም እኮ” አልኳት።

“የእኔስ ግድ የለም። የደበቀችንን ሴት ሥራ ጽፈዋል።”

እውነቷን ነበር። የጎረቤቷን ስም አልጻፍኩም፤ የምትተዳደርበትን ሥራ ግን ጽፌአለሁ። ታሪኩን ሕይወት የሚዘራበት መስሎኝ ነበር። በአንድ ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ያንን ሥራ የምትሠራ ሴት ስንት ናት? አንድ ናት። ያቺ ሴት ደግሞ ዛሬም የምትኖረው እዚያው፣ ከራሷ ወገኖች መካከል ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ “የሌላውን ሰው ደብቃለች” መባል ምን ሊያመጣባት እንደሚችል እዚህ ክልል የኖረ ሰው ይገባዋል።

እግሬ ከዳኝ። ያን ሌሊት ምዕራፉን ከፋይሉ አወጣሁ። ለ134ቱም ገዢዎች አንድ በአንድ ጻፍኩላቸው፤ “ሰው ሊጎዳ የሚችል ስሕተት ስለ ሠራሁ እባካችሁ የመጀመሪያውን አጥፉልኝ፤ የታረመውን ልኬላችኋለሁ” አልኳቸው። 119ኙ በሁለት ቀን ውስጥ መለሱልኝ። የቀሩትን በስልክ አገኘኋቸው። አንድ ወንድም፣ “እህት፣ ለእናቴም ልኬላት ነበር፤ ከእርሷም ስልክ አጥፍቼዋለሁ” አለኝ። የታተመ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ አልችልም ነበር። ኤርምያስ ያስጻፈው ክርታስ በንጉሡ እጅ ሲቃጠል ባሮክ እንደገና ጽፎ ጨምሮበታል (ኤር. 36፥32)፤ እኔ ደግሞ ቀንሼ እንደገና ጻፍኩ። ነገሩ ያበቃ መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን አላደረግሁም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለምን ብትሉኝ፣ አፈርኩ። “ብዬሽ አልነበረም?” እንዲለኝ አልፈለግሁም። ብር ለማግኘት ስል የሠራሁትን ስሕተት ብር አትውደጂ ለሚለኝ ሰው መናገር እንዴት ይከብዳል!

ፋይሉ ሲመለስ

ከፋሲካ በኋላ ያቺ እህት እንደገና መጣች። በዚህ ጊዜ እያለቀሰች ነበር። በሌላ ከተማ ያለ ዘመዷ መጽሐፉን አግኝቶ ደውሎላታል። ምዕራፉ በውስጡ አለ። ከየት አገኘው ሲባል፣ ከአገልጋዮች የቴሌግራም ግሩፕ ነው አለ። በግሩፑ ውስጥ ከ400 በላይ ሰዎች አሉ።

ከገዢዎቼ አንዱ የከዳኝ መስሎኝ ስም ዝርዝሬን አውጥቼ እያንዳንዱን ጠረጠርኩ፤ ስለዚህም ንስሐ ገብቻለሁ። ማታ ላይ አንድ የማውቀው ወንጌላዊ መልእክቱን እንዳለ ላከልኝ። ከላይ የላኪው ስም አለ። የባለቤቴ ስም ነው።

የካቲት ውስጥ ልኮታል። የመጀመሪያው አንባቢ እርሱ ስለ ነበር ፋይሉ በስልኩ ነበረ። ከሥሩም፣ ለአገልጋዮች ስጦታ ይሁን፤ ባለቤቴ የደከመችበት ነው፤ ተባረኩበት ብሎ ጽፎበታል። በፍቅር ያደረገው ነው። በእኔም ኮርቶ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም።

“ያለ ፈቃዴ መጽሐፌን በተንከው” አልኩት ገና ከበር ሲገባ።

እርሱም የሰማው የብሩን ነገር ብቻ ስለ ነበር፣ “በብር ምክንያት ነው እንዲህ የምትሆኚው?” አለኝ።

“አንተ ደግሞ በእኔ ላብ ቸር ትባላለህ!”

ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ባለ ትዳር የሆነ ሁሉ የቀረውን ያውቀዋል። ሁለት ቀን በቤታችን “ቡና ፈልቷል” እና “ልጆቹ በልተዋል” ከሚሉት በቀር ቃል አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ማታ ልጄ ያቺን ምስጥ የተረፋትን አንድ የወረቀት ቅጂ ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልን ወደ መኝታዋ ሄደች። አንዳችም አልተናገረችም።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ምዕራፉ፣ ስለ ጎረቤቲቱ፣ ለ134ቱ ሰዎች ስለ ጻፍኩት፣ ለእርሱ ግን ስለ ደበቅሁት። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ “ብትነግሪኝ ኖሮ በዚያው ቀን አጠፋው ነበር” አለኝ። ልክ ነበር። ቀጥሎም፣ “እኔም ብጠይቅሽ ኖሮ አልልከውም ነበር” አለ። ይህም ልክ ነበር። ሁለታችንም ያጎደልነው አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ ነው። በዚያች መካከል የሌላ ሰው ሕይወት ገባች።

ዶይቅ አልዋሸም

ባለቤቴ በማግስቱ የግሩፑን ኃላፊ ጠርቶ ፋይሉን ከሁሉም ላይ አስጠፋ። ቀድሞ ወደ ስልኩ ያወረደውን ሰው ግን ማንም ማስጠፋት አይችልም። ስለዚህ ስልኩን ይዞ ተቀመጠና ለሚያውቃቸው ሁሉ አንድ በአንድ ደወለ። አራት ቀን ፈጀበት። ለእያንዳንዳቸው፣ “የሰው ሥራ ሳልጠይቅ ሰጠሁ፤ በድያለሁ” ሲል ከጓዳ እሰማው ነበር። ለባለቤቴ ያለኝ አክብሮት በዚያ ሳምንት እንዳደገ በሃያ ዓመት ትዳራችን አድጎ አያውቅም።

ከዚያ አብረን ወደ እህታችን ሄድን። ከምዕራፉ የተገኘውን 11,300 ብር በፖስታ ይዘን ነበር። ፖስታውን አየችና፣ “የመከራዬን ዋጋ ቆጥራችሁ አመጣችሁልኝ?” አለች። አልተቀበለችንም። በኋላ ለተፈናቃዮች መርጃ ገባ። ይቅርታ ስንጠይቃት ግን እንዲህ አለችን፦ “እኔ በበኩሌ ይቅር ብያለሁ። የእርሷን ይቅርታ ግን እኔ ልሰጣችሁ አልችልም።”

ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እስካሁን በዚያች ሴት ላይ ክፉ ነገር ደረሰ ሲባል አልሰማንም፤ በየማታው ጸሎታችን ውስጥ አለች። ስሟን ሳንጠራ።

በእነዚያ ቀናት በ1ኛ ሳሙኤል 21 እና 22 ላይ ያለውን ታሪክ ደጋግሜ አነበብኩ። ዳዊት ሲሸሽ የኖቡ ካህን አቢሜሌክ እንጀራ ሰጠው። ኤዶማዊው ዶይቅ ያየውን ለሳኦል ነገረው፤ በዚያ ቀን 85 ካህናት ተገደሉ። በኮሌጅ ሳለን ዶይቅን ሐሰተኛ አድርገን የምናየው ይመስለኛል። ታሪኩን ልብ ብላችሁ ብታነቡት ግን ዶይቅ አልዋሸም። አየሁ ያለውን አይቷል። የተሰጠው እንጀራም ሰይፉም እውነት ነው። እውነቱ ያለ ቦታው ስለ ተነገረ የረዳውን ሰው ገደለው። ዳዊትም የካህኑ ቤተ ሰብ ሞት በእርሱ ምክንያት መሆኑን አልሸሸገም (22፥22)። እኔም የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ሽፋኔ ላይም “እውነተኛ ታሪክ” ብዬ ነበር። እውነት መሆኑ ግን የእኔ ሊሆን፣ የምሸጠውም ሊሆን አይበቃውም።

ከእንግዲህ እንዴት?

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁና ልጨርስ።

ለሚጽፉ ወገኖቼ፦ ወቅታዊ ጉዳይ አትጻፉ አልልም። ስለ ሕዝባችን ቁስል ቤተ ክርስቲያን ዝም ብትል ማን ይናገራል? ነገር ግን በጸሎት ክፍል የሰማችሁትን ለመጻፍ አትቸኩሉ። “ለጌታ ክብር ከሆነ” የሚል አማኝ ሁሉ ፈቃድ ሰጠ ማለት አይደለም፤ የተጻፈውን አንብቡላቸው። ስም መለወጥ ብቻ ሰው አይሰውርም። ከሁሉ በላይ፣ ታሪኩ ውስጥ ያለውን፣ ነገር ግን ፈቃድ ሊሰጥ የማይችለውን ሰው አስቡ።

ለአንባብያን፦ ፒዲኤፍ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ ሁለት ጊዜ ጣት መንካት ስለ ሆነ ስርቆት አይመስልም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መጽሐፍን የማባዛትና የማሰራጨት መብት የጸሐፊው መሆኑን ይደነግጋል። ከሕጉ በፊት ግን ፍቅር አለ። የገዙኝ 134 ሰዎች ስሕተቴን እንዳርም ረድተውኛል፤ ምክንያቱም አውቃቸው ነበር። በነፃ ያገኙትን 400 ሰዎች ግን ማግኘት አልቻልኩም። ጸሐፊ ገዢውን ማወቁ ለኪሱ ብቻ ሳይሆን ቃሉን ለማረምም ይጠቅመዋል። ያዕቆብ ትንሽ እሳት ስንት ጫካ እንደምታቃጥል ያሳሰበን (ያዕ. 3፥5) ስለ ምላስ ነው። ዛሬ ምላሳችን በኪሳችን ነው።

ለአብያተ ክርስቲያናት፦ ለአገልጋዮቻችሁ መጽሐፍ መስጠት መልካም ነው። ሃያ ቅጂ ከፍላችሁ ስጡ፤ ወይም ጸሐፊውን ጠይቁ። እኔ አሁን አሥር ቅጂ በተሸጠ ቁጥር ሁለቱን መክፈል ለማይችሉ እሰጣለሁ። ማን እንደሚያገኘው የሚመርጠው ባለቤቴ ነው፤ ቸርነቱ ከእኔ እጅጉን የሚበልጥ ስለ ሆነ። በወረቀትም ጥቂት ቅጂ እንደገና ለማሳተም ዕቁብ ገብቻለሁ፤ ስልክ የሌላቸው እህቶችን አልረሳኋቸውም።

ለባለ ትዳሮች፦ በ“እሺ” አትለፉ። ባልሽ “እሺ” ሲልሽ ልቡ እንደ ቀረ ካየሽ ጠይቂው። ሚስትህ የደከመችበትን ለሰው ከመስጠትህ በፊት ጠይቃት፤ ቸርነት በራስ ነገር ነው። ስሕተታችሁንም ከሁሉ አስቀድማችሁ ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ። እኔ ለ134 እንግዶች የተናዘዝኩትን በአንድ ትራስ ላይ ለሚተኛው ሰው ደበቅሁ፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ሌላ ሴት ናት።

ይህንን ጽሑፍ ወደ መጽሔቱ ከመላኬ በፊት ለዚያች እህታችን በቤቷ ሄጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። ሁለት መስመር፣ “ይውጣ” አለችኝ፤ ወጣ። ሌላውን፣ “ይሁን፤ ለሰው ይጠቅማል” አለችኝ። ከዚያ ከጓሯ ማንጎ አውርዳ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። “ስንት ልክፈልሽ?” ብዬ ቀለድኩባት። እርሷም ሳቀች። ከዚያ በፊት ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ጌታ ለአፋችንና ለእጃችን ጠባቂ ያኑርልን። አሜን።